በባዶ ሆድ ወደ ዓሣ ቤቱ

ከተማ ገብቶ በረሃብ የዋለ ሰው ፈልጉ ቢሏችሁ እኔን ጥሩ። ምግብ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ግራ ብዞር ይጠበሳል፣ ቀኝ ብዞር ይጨመቃል፣ ፊት ለፊቴ ኬኩ መስታወት ውስጥ ተኮፍሶ ያየኛል። እኔ ግን ሆዴ እያጉረመረመ፣ የአክስቴን ክንድ ይዤ፣ የተቀቀለ ድንች ያለባትን ምሳ ዕቃ ተከትዬ ስዞር ዋልኩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

እናቴ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። ጠረጴዛዎቹ ይነቃነቃሉ፤ ስሟ ግን አይነቃነቅም ነበር። የጭነት መኪና ሹፌሮች እሷ ጋ ሳይበሉ ካለፉ ጎማ የተነፈሰባቸው ያህል ይከፋቸዋል። ባለፈው ክረምት ግን ትኩሳት ያዛትና፣ ሲለቃት ጣዕሟን ይዞባት ሄደ። ጨውና ስኳር በዓይኗ ካልሆነ አትለይም። አንድ ቀን ሾርባ ላይ ጨው ደጋግማ ጨምራ አቀረበች። ሰዎቹ ምንም ሳይሉ በርሜላችንን ሙሉ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የሚቀምሰው የኔ ምላስ ነው። ትምህርት ቤቱን የተውኩትም ያኔ ነው፤ ለነገሩ እሱም እኔን ሊተወኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ይህን ነገር ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በተለይ አክስቴ እንዳትሰማ። ሁለቱ አንድ ጓዳ ውስጥ ያደጉ እህትማማቾች ናቸው፤ ማን የተሻለ ታበስላለች በሚል ከልጅነታቸው ሲጎነታተሉ ኖረው፣ አክስቴ አግብታ ከተማ ስትገባ ነው ነገሩ የበረደው። እናቴ ስለዚህ ጉዳይ ስትናገር፣ እሷ ጆሮ ከሚደርስ ድስቴን አውጥቼ ብጥል ይሻለኛል ትላለች።

ዘንድሮ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተብን። ሰውየው የተጠበሰ ዓሣ በቀይ ስጎ ያቀርባል። ሹፌሮቹ እንደሚሉት፣ ከተማ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ዓሣ ቤት አለ፤ የዚያ ቤት ስጎ ሰሃን ያስልሳል፤ የማዶው ሰውዬ ስጎ ደግሞ እሱን ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ትንሽ ለቀረው ነገር ብለው አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። የሚያናድደው፣ ሲያልፉ ለእናቴ ሰላምታ መስጠታቸውን አልተዉም።

እናቴ ሳምንቱን ሙሉ የማዶውን በር ስታይ ሰነበተችና አንድ ማታ ጠራችኝ። ከተማ ሄጄ የዓሣ ቤቱን ስጎ እንድቀምስ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ለይቼ እንድመለስ ነገረችኝ። «ለይተሽ ከመጣሽ እኛም እንሠራዋለን። ካልሆነ በሩን እዘጋለሁ» አለች። ቀልድ የለበትም፤ የምትቀልድ ጊዜ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ያን ማታ ሁለቱም ተከፍተው ነበር።

ከተማውን ስለማላውቀው አክስቴ እንድትቀበለኝ ተላከባት። ሰበቡ አክስቴን መጠየቅ ነው። በጠዋቱ አውቶቡስ ሄጄ በከሰዓቱ እመለሳለሁ። ያለ እኔ ምላስ ማብሰል ስለማትደፍር እናቴ በሩ ላይ «ለጽዳት ተዘግቷል» የሚል ካርቶን ሰቀለች።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ቤት የሚቀምስ ሰው አይበላም። ድስቱ እስኪወርድ ድረስ አፉ ውስጥ ከንጹሕ ውሃ በቀር ሌላ አይገባም፤ የጠገበ ሰው ምላስ ሁሉንም ነገር ስለሚያቃልል አይታመንም። ይህ ከሴት አያቴ የመጣ ደንብ ነው፤ እናቴ ጸሎት ብትረሳ ይህን አትረሳም። ስለዚህ እኔ፣ ለትልቅ ሥራ የተላከች ሰው፣ ከእራት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።

አክስቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። ሰፊ ሴት ናት፤ ስታቅፍ ሰው ይጠፋል። ከእቅፏ ስወጣ የመጀመሪያ ቃሏ ከስቻለሁ የሚል ነበር፤ ሁለተኛው እናቴ አታበላኝም ወይ የሚል። እጄን ጎትታ ቤቷ አስገባችኝ። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤቱ ግማሹ ስፌት መኪና፣ ግማሹ ምግብ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ሰላጣ፣ ዳቦ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ነገሮች ተደርድረዋል። ልብስ ሰፊው ክሩን እየነከሰ በዓይኑ ዶሮውን ይለካል።

አክስቴ «በሞቴ፣ ቅመሺ» አለች።

አውቶቡስ ላይ በልቼ ነው አልኳት። ምን በላሽ ስትል ዳቦ አልኩ። ዳቦ ምግብ መሆኑን ማን እንደነገረኝ ጠየቀችኝ። ትንሽ ቆይቼ ልብላ ብል፣ ዶሮ ሰው ቀጠሮ እስኪይዝለት አይጠብቅም አለች። ሰሃኑን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ነጭ ሽንኩርቱ ሸተተኝ። እውነቱን እንዳልናገር የእናቴ ሚስጥር አለ። ያኔ ነው አፌ ያመጣልኝን የተናገርኩት።

«ሆዴን አሞኛል።»

የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ ማየት ነበር። ግንባሬን ዳሰሰች፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ከዚያ ምላስሽን አውጪ አለችኝ። አወጣሁ። አገላብጣ መረመረችው። ከክረምቱ ወዲህ እናቴን የተሸከመ ምላስ መሆኑን አላወቀችም፤ ትንሽ ነጣ ብሏል ብቻ አለች። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ተሰብስቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባና ተቆለፈ። በሽተኛ ፊት አይበላም ተባለ። ልብስ ሰፊው እጁን ዘርግቶ እንደ ቀረ፣ እኔስ፣ እኔን እኮ ምንም አላመመኝም ሲል የሰማው የለም።

ለእኔ ስኳርና ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ መጣ። ዞር ስትል አበባ ማሰሮው ውስጥ ደፋሁት። አበባው ሳይሻለው አልቀረም።

በዚህ ጊዜ ገና ተስፋ አልቆረጥኩም። በሽተኛነቴ ከዶሮው አድኖኛል፤ ከቤት ከወጣን የሆነ ብልሃት ይገኛል ብዬ አሰብኩ። ከተማውን ልየው ብዬ ለመንኳት። በሽተኛ ይተኛል እንጂ ከተማ አያይም አለች። ያዳነኝ ልብስ ሰፊው ነው፤ ንፋስ ይሻላታል፣ እኔም አብሬ እወጣለሁ አለ። ዓይኑን ሳየው ንፋሱ የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ ገባኝ። አክስቴ ድንች ቀቅላ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋበት፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተተችና ወጣን።

ኬክ ቤቱ ጋ ስንደርስ እግሬ በራሱ ቆመ። ክሬሙ ላይ ቼሪ እንደ ኩራተኛ ልጅ ቁጭ ብሏል። አክስቴ መስታወቱንና እኔን አይታ፣ ክሬም የሆድ ጠላት ነው ብላ ወሰደችኝ። እንዲያውም ኬክ አልፈልግም ነበር፤ ምላሴን ያበላሽብኛል። ግን ሰው ራሱ እንቢ ማለትና ሌላ ሰው እንቢ ሲልለት አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ያኮራል፣ ሁለተኛው ያንጨረጭራል።

ጭማቂ ቤቱ ጋ ማሽኑ እየጮኸ ማንጎ ይፈጫል፤ ብርጭቆው ውስጥ ቢጫው በአረንጓዴው ላይ ይተኛል። አክስቴ ማንጎ ተቅማጥ እንደሚያመጣ እየነገረችኝ ሳለ ልብስ ሰፊው ከመሃላችን ጠፋ። ሲመለስ ከንፈሩ ላይ ቢጫ ጺም አብቅሏል። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። በየደረስንበት የሚሸጥ ነገር አለ፤ በየደረስንበት አክስቴ የዚያን ነገር በሽታ ታውቃለች። አይስክሬም ጉሮሮ ያሳብጣል። ሳምቡሳ ዘይቱ የስንት ቀን ነው። ለውዝ ሆድ ይነፋል። ከተማ ሳይሆን ሆስፒታል ያስጎበኘችኝ መሰለኝ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ዓሣ ቤቱ እንዳይቀር ፈራሁ። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ወደ መናኸሪያው እንጠጋ አልኳት። ይህንን እሺ አለች። ሹፌሮቹ ሰማያዊ በር ያለው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ብለው ሲያወሩ ስለሰማሁ መንገዱን እኔ መራሁ። በሩን ሳናየው ሽታው አገኘን። ልብስ ሰፊው እንደ ታሰረ በሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሬ ዛለ አለ። የትኛው እግርህ ብትለው ሁለቱም አለ።

አክስቴ በብዙ ጭንቀት ፈቀደች። እሱ ይብላ፣ እኛ ቁጭ እንበል፣ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዙር።

ዓሣ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ፕላስቲክ ለብሰዋል፣ ማራገቢያው ጣሪያው ላይ እያቃሰተ ይዞራል። ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ አስተናጋጅ መጣ። ልብስ ሰፊው ዓሣ በስጎ አዘዘ። አክስቴ ለኔ ሙቅ ውሃ በሎሚ አዘዘችና ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። አስተናጋጁ ከውጭ የመጣ ምግብ አይበላም አላት። «ይቺ ልጅ ያንተን ዓሣ በልታ ብትወድቅ አንተ ታነሳታለህ?» አለችው። ሰውየው እኔን አየኝ፤ ከረሃብ የተነሳ ፊቴ የሞተ ሰው መስሎ ስለነበር ሳይከራከር ሄደ።

ዓሣው መጣ። ጠርዙ ተጠብሶ ተኮማትሯል፣ ስጎው ከላዩ ላይ ቀልቶ ይንፏቀቃል። ልብስ ሰፊው ዳቦውን አጠቀሰ። ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከተማ የመጣሁት ለዚህች አንድ ማንኪያ ነው፤ እሷም ክንዴ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጣ ሌላ ሰው አፍ ትገባለች።

እሱን እንኳ ልጠይቀው አልኩ። እንዴት ነው ስለው ጥሩ ነው አለ። ውስጡ ምን ምን አለው ስለው ዓሣ አለው አለ። ስጎው ነው የምለው፣ ስጎው ምን ይመስላል አልኩት። ትንሽ አስቦ፣ ቀይ ነው አለ። ልብስ ሲለካ ግማሽ ጣት አይስትም፤ ምግብ ላይ ሲመጣ ግን ያለው መለኪያ ጥሩና መጥፎ ብቻ ነው።

ጣቴን ቀስ ብዬ ወደ ሰሃኑ ላክኋት። አክስቴ በማንኪያ መታቻት። እንደገና ላክኋት፣ እንደገና መታቻት። ከውጭ የአውቶቡሱ ረዳት የኛን አገር አቅጣጫ እየጠራ መጮህ ጀመረ። ልብስ ሰፊው የመጨረሻዋን ዳቦ አንስቶ ሰሃኑን ዙሪያውን መጥረግ ያዘ። የእናቴ በር ላይ ያለው ካርቶን ታየኝ። ሁልጊዜ ለጽዳት ተዘግቶ ሲቀር ታየኝ።

«አልታመምኩም» አልኩ።

አክስቴ አልሰማችም መሰለኝ፤ ድንቹን በማንኪያ እየቆረሰች ነበር።

«አክስቴ፣ አልታመምኩም። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልበላሁም። እንዳልበላ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። የኔን እጅ ተጸይፈሽ ነው አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ የነበረው ሌላ ነገር ነው። በፍጹም አልኳት፣ ያንቺን ዶሮ እያየሁ ልሞት ነበር፣ መቅመስ ስላለብኝ ነው አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። የሚቀምስ ሰው አይበላም የሚለውን ደንብ እሷም እኮ የተማረችው ከዚያው ጓዳ ነው።

«ለማን ነው የምትቀምሺው?» አለች።

ማራገቢያውን አየሁ።

«እናትሽ ምላሷ ምን ሆነ?»

ልብስ ሰፊው ማኘኩን አቆመ። ማራገቢያው አሁንም እያቃሰተ ይዞራል። ከክረምቱ ትኩሳት ወዲህ ነው አልኩ፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኝ ነበር አልኩ፣ ለማንም ስትል ለአንቺ ማለቷ ነበር አልኩ። እንድትስቅ ጠበቅኳት። ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ድል ይኸው በእጇ ገባ። አልሳቀችም። አስተናጋጁን ጠርታ ሌላ ዓሣ በስጎ አዘዘች፤ ቶሎ በል አለችው።

ሲመጣ በማንኪያ ጨለፍኩና አፌ ውስጥ አስገባሁ። እናንተዬ፣ ስጎው ተአምር ነው። ሰሃን ያስልሳል ያሉት ሹፌሮች እንዲያውም አሳንሰውታል። ምላሴን ለማጽዳት ዳቦ ቆረስኩ። ዳቦውም ተአምር ሆነ። ደነገጥኩ። ያንን ለማጣራት ድንቹን ቀመስኩ፤ ድንቹ ከሁሉም በለጠ። ሙቅ ውሃው በሎሚ እንኳ አስለቀሰኝ። እንደገና ስጎውን ጨለፍኩ፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን ምኑ? ቲማቲም ይሁን ካሮት፣ ዘይት ይሁን ቅቤ፣ ምላሴ ሁሉንም እሰይ እያለ ይውጠዋል። ቤት ስንሆን ከጠዋት እስከ ምሳ ነው የምጾመው፤ ቀንና ሌሊት የተራበ ምላስ ከጠገበው ብሶ እንደሚቀጥፍ ማንም አልነገረኝም ነበር። ለዚህ ነው ዶሮውን ያለፍኩት። ለዚህ ነው ሆዴን አመመኝ ያልኩት። እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ጋር የገባው ስጎ ደግሞ ጨው በዛበት።

አክስቴ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች። ቁርሷን በልታ ምሳዋን በኔ በሽታ ምክንያት የዘለለች ሴት ናት፤ ሳታስበው ደንቡን እሷ ነበረች የጠበቀችው። ጫፉን ብቻ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ወደ ግራ አዘንብላ ቆየች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ከክረምቱ በፊት እናቴ ስትቀምስ እንዲህ ነበር የምትሆነው።

ሽንኩርቱ ሊያር ጥቂት ሲቀረው ነው ቲማቲሙ የተጨመረበት አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ሎሚ ከነልጣጩ አብሮ ተቀቅሎ ኋላ ወጥቷል አለች። እንዴት አወቅሽ ብላት ተነስታ ወደ ማብሰያ ቤቱ በር ሄደች፤ የቆሻሻ ባልዲውን ጎንበስ ብላ አየችና በጣቷ ጠራችኝ። ከዓሣው አጥንት መሃል የተቀቀሉ የሎሚ ግማሾች ተጣጥፈው ተኝተዋል። ምግብ አብሳዩ ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ ጭልፋውን ይዞ ሲመጣ ወጥተን ነበር።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ከእጇ ስሸሽ የዋልኩት ሴትዮ ይኸው በአንዲት ቅምሻ ሥራዬን ሠርታ ጨረሰችው። ሎሚ ከነልጣጩ፣ ሽንኩርቱ ሊያር ሲል፤ ይበቃኛል፣ ለእናቴ እነግራታለሁ ብዬ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። ከኋላዬ የእግሯን ዳና ሰማሁ። ዞር ስል ምሳ ዕቃዋን ይዛ ልትሳፈር ነው።

እንዳትመጪ አልኳት። እናቴ ትገድለኛለች አልኳት።

«ልጣጩ ከቆየ ስጎው ይመራል፤ ቶሎ ከወጣ ደግሞ ምንም አይሰጥም። መቼ እንደሚወጣ ማን ሊነግራት ነው፣ አንቺ?» አለችኝ።

ዛሬ ባልችል ነገ እችላለሁ ብዬ ልመልስ ስል ረዳቱ ገፋ አድርጎ አስገባን። ልብስ ሰፊው መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ እኔስ አለ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። አክስቴ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በመስኮት ወረወረችለት። ዶሮው ትዝ ሲለው ፊቱ ሲበራ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ደህና ግቡ ለማለት እንኳ አልቆመም።

መንገዱን ሙሉ እሷ መስኮት መስኮቱን ታያለች፤ እኔ ደግሞ ከንዴቴ ብዛት ምሳ ዕቃውን ከፍቼ ድንቹን አንድ በአንድ ጨረስኩት። ሎሚው ልክ ነበር። ይህም አናደደኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ስታየኝ በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ከኋላዬ አክስቴ ከአውቶቡሱ በጎኗ ስትወርድ ዓይኗ እኔን ትቶ እዚያ ቀረ። ምን ብዬ ነበር የላክሁሽ አለችኝ። ስጎውን አምጪ ብለሽኝ ነበር፣ ስጎውን የምታውቀዋን አመጣሁልሽ አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ አፌ በጥፊ ነበር የምትመልስልኝ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች አክስቴ።

«እንድትስቂብኝ?»

«እስቅ ነበር። ስቄ ስጨርስ ግን እመጣ ነበር።»

እናቴ ገብታ ምድጃውን ለኮሰች። ሽንኩርት ከተፈች፤ አክስቴ ቲማቲሙን ፈጨች። አንዷ ሌላዋን ሳታይ፣ እጃቸው ግን አብሮ ያደገ እጅ ስለሆነ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ሎሚው ከነልጣጩ ገባ። ትንሽ ሲቆይ እናቴ በማንኪያ ጨለፈችና እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዘረጋችው። አፌን ከፈትኩ።

«በልተሻል?» አለችኝ።

ባዶው ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አክስቴ ስለ እኔ ብላ አልዋሸችም፤ እኔም ለዛሬ የቀረኝ ውሸት አልነበረም። እናቴ ማንኪያውን በአየር ላይ ትንሽ አቆየችው። ከዚያ ወደ እህቷ አዞረችው።

አክስቴ አገጯን አዘነበለች። «ገና ነው» አለች። እናቴ ጠበቀች። እናቴ የማንንም አፍ ስትጠብቅ አይቼ አላውቅም። «አሁን» አለች አክስቴ፤ እናቴ ሎሚውን በጭልፋ ለቅማ አወጣች።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ከማዶ የመጣ አንድ ሹፌር ነው፤ አንገቱን አስግጎ፣ ተዘግቷል ወይ፣ ምንድን ነው የሚሸተው አለ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ሄጄ ካርቶኑን እንዳወርድ ነው። ሌላ ሥራ ስላልቀረኝ አወረድኩት። ስመለስ ደግሞ የሚላጥ ሽንኩርት ተሰጠኝ።

ነገ ቁርስ እበላለሁ፣ ምሳ አልበላም። ያኔ ማንኪያው ወደ ማን እንደሚዞር እናያለን።